ፊታችንን ያጨለመው ማነው?

«እኔ እኮ ፎቶ አይወጣልኝም።»

ይህችን አባባል ያልሰማ ሐበሻ ያለ አይመስለኝም። ሰርግ ላይ አለች፣ ምረቃ ላይ አለች፣ ክርስትና ላይ ካሜራ ሲመጣ ከኋላ ረድፍ የምትሸሸገው አክስት አፍ ላይ አለች። ተናጋሪዋ ብዙ ጊዜ ጠይም ወይም ጥቁር ናት። ፎቶዎቿን ስታዩ የነጠላዋ ጥለት ሳይቀር ይቆጠራል፤ ፊቷ ግን ከዓይኗና ከጥርሷ በቀር ጥላ ሆኗል። እሷም ፎቶውን አይታ የምትፈርደው በራሷ ላይ ነው።

ክርክሬ አጭር ነው። ፎቶ የማይወጣለት ፊት የለም። ለዚያ ፊት ያልተለካ ብርሃን ግን አለ። ጥፋቱ የፊቱ ሳይሆን የካሜራው ቅንብር ነው፤ ቅንብሩን ደግሞ የሚነካው ሰው አለ። ያንን ሰው ተጠያቂ ማድረግ የምንችለው ምን መጠየቅ እንዳለብን ስናውቅ ብቻ ነው። ስለዚህ አፐርቸር፣ ሹተር፣ አይኤስኦ የሚባሉት ቃላት የካሜራ ባለቤቶች ብቻ ጉዳይ ናቸው የሚለውን አልቀበልም። ፎቶ የሚነሳ ሰው ሁሉ ጉዳይ ናቸው።

ካሜራው ምን ያያል?

ሥራዬ ሶፍትዌር መጻፍ ነው። በእኛ ሥራ «ዲፎልት» የሚባል ነገር አለ፤ ተጠቃሚው ምንም ሳይመርጥ ሲቀር ፕሮግራሙ በራሱ የሚወስደው ዋጋ ማለት ነው። ሰው ዲፎልትን እንደ ተፈጥሮ ሕግ ያየዋል። እኛ የምንጽፈው ግን እናውቀዋለን፤ አንድ ቀን አንድ ሰው ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ «በቃ ይኼ ይሁን» ያለው ነው። ካሜራ ውስጥም እንዲህ ያለ ውሳኔ ተቀምጧል።

የካሜራው ብርሃን መለኪያ በመሠረቱ ምን ላይ እንዳነጣጠረ አያውቅም። ሙሽራ ትሁን የከሰል ጆንያ፣ ለእሱ ያው ነው። የሚያውቀው በሌንሱ የገባውን ብርሃን መጠን ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ግምት ይዞ ይነሳል፦ ዓለም በአማካይ ሲታይ መካከለኛ ግራጫ ናት። ይህ ግራጫ በፎቶ መማሪያዎች ውስጥ የወደቀበትን ብርሃን 18 በመቶ ያህል የሚመልስ ቀለም ተብሎ ይታወቃል። ካሜራው ያየውን ሁሉ ወደዚያ ግራጫ ይጎትታል። ነጭ ሲያይ «ብርሃን በዛ» ብሎ ያጨልማል፤ ጥቁር ሲያይ «ብርሃን አነሰ» ብሎ ያፈካል።

አሁን ይህን ግምት ይዛችሁ ወደ አገራችን ኑ። የጥምቀትን ሕዝብ አስቡ፤ ነጭ በነጭ ነው። ለኢድ ሰላት አዲስ አበባ ስታዲየምንና ዙሪያውን የሚሞላውን ሕዝብ አስቡ፤ ነጭ ጀለቢያ ነው። ቢሾፍቱ ሆራ አርሰዲ ዳር ለኢሬቻ የሚወጣውን ሕዝብ አስቡ፤ እዚያም ነጩ ይበዛል። ትልልቆቹ ቀኖቻችን ጠይም ፊትና ነጭ ልብስ አንድ ላይ የሚቆሙባቸው ቀኖች ናቸው። ነጭ ጨርቅ ከወደቀበት ብርሃን አብዛኛውን ይመልሳል። ካሜራው ያንን ያይና ፎቶውን በሙሉ ወደ ታች ይጎትተዋል። ነጩ ወደ ግራጫ ሲወርድ ጠይሙ ፊት የት ይደርሳል? አብሮ ወርዶ ጥላ ይሆናል።

ተቃራኒውም አለ። አንድ ጥቁር ሰው ጥቁር ሱፍ ለብሶ ጨለም ያለ ግድግዳ ፊት ቆሟል እንበል። ካሜራው «ይኼ ሁሉ ግራጫ መሆን ነበረበት» ብሎ ያፈካል። ያ ለስላሳ ጥቁር ቆዳ አመድ የነካው ይመስላል፤ ግንባሩ ላይ ያለው ወዝ ደግሞ ነጭ ነጥብ ሆኖ ይቃጠላል። ስለዚህ «ለጥቁር ሰው ሁልጊዜ ብርሃን ጨምርለት» የሚለው ምክር ግማሽ እውነት ነው። አንዴ ያጨልመናል፣ አንዴ አመድ ይነሰንስብናል፤ የሁለቱም ምንጭ ያው ግምት ነው።

የነገሩ ሥር ይኸውላችሁ። ካሜራው የሚለካው በሰውየው ላይ የወደቀውን ብርሃን ሳይሆን ከሰውየው ተመልሶ የመጣውን ነው። ፀሐይ ለጥቁሩም ለቀዩም፣ ለነጠላውም ለካባውም እኩል ትወርዳለች። ልዩነቱ የሚፈጠረው ብርሃኑ ሲመለስ ነው። የፊልም ዘመን ፎቶ አንሺዎች ይህን ስለሚያውቁ «ሰኒ 16» የምትባል ሕግ ነበረቻቸው፤ ጠራራ ፀሐይ ላይ አፐርቸሩን 16 አድርግ፣ አይኤስኦው 100 ከሆነ የመዝጊያውን ፍጥነት 1/100 ወይም 1/125 አድርግ። ይህች ሕግ ፊቱ ምን ዓይነት መልክ እንዳለው አትጠይቅም፤ የምትጠይቀው ፀሐይዋን ብቻ ነው። በፊልም ሥራም ባለሙያዎቹ በተዋናዩ ፊት አጠገብ አነስተኛ መለኪያ ይዘው የወደቀውን ብርሃን ይለካሉ። መፍትሔው ዛሬ የተገኘ አይደለም፤ ያልተነገረን እኛ ነን።

ሸርሊ የምትባል ሴት

«ታዲያ ካሜራ ዘረኛ ነው ልትለን ነው?» የሚል አይጠፋም። አይደለም። ሴንሰር ብርሃን ቆጣሪ ነው፤ ዘር አያውቅም። እንዲያውም ቀለም ራሱን አያውቅም። የኮዳኩ መሐንዲስ ብራይስ ቤየር እ.ኤ.አ. በ1976 ፓተንት ባገኘበት ዘዴ፣ በሴንሰሩ ላይ ከሚቀመጡት ጥቃቅን ማጣሪያዎች ግማሹ አረንጓዴ፣ ሩቡ ቀይ፣ ሩቡ ሰማያዊ ነው። የቀረውን ቀለም የሚሞላው ሶፍትዌር ነው። ይህ ማለት ስክሪን ላይ የምታዩት የፊታችሁ ቀለም በከፊል አንድ ሰው የጻፈው ስሌት ውጤት ነው። ስሌት ደግሞ «በማን ፊት ተፈተነ?» ተብሎ ይጠየቃል።

ታሪኩ መልሱን ይነግረናል። ኮዳክ ለፎቶ ማጠቢያ ቤቶች ቀለም የሚያስተካክሉበት መመዘኛ ካርድ ይልክ ነበር። ካርዱ ላይ ያለችው ነጭ ሴት ናት፤ ስሟን ያገኘችው መጀመሪያ ለካርዱ ከተነሳችው የድርጅቱ ሠራተኛ ስለሆነ ካርዱ ለአሥርተ ዓመታት «ሸርሊ» ሲባል ኖሯል። የሸርሊ ፊት ከወጣ ማሽኑ ልክ ነው፤ የሌላው ፊት እንደ ዕድሉ ነው። ካናዳዊቷ ተመራማሪ ሎርና ሮት እ.ኤ.አ. በ2009 ያሳተመችው ጥናት አንድ የሚያስቅም የሚያሳፍርም ነገር ይዟል። ፊልሙ ቡናማ ቀለማትን በደንብ እንዲለይ ኩባንያውን ከገፋፉት መካከል የቸኮሌትና የቤት ዕቃ አምራቾች ነበሩ። የእንጨቱ ዓይነትና የቸኮሌቱ ጥቁረት አልለይ ስላላቸው አቤት አሉ። የሰው ፊት ሲጨልም ዝም የተባለበት ገበያ ለቁም ሳጥን ጆሮ ሰጠ ማለት ነው።

ዲጂታል ሲመጣ ነገሩ በራሱ አልጠራም። እ.ኤ.አ. በ2018 ጆይ ቡኦላምዊኒና አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገችው ትምኒት ገብሩ ከፊት ፎቶ ላይ ጾታ የሚለዩ ሦስት የንግድ ሶፍትዌሮችን ፈተኑ። ነጣ ያሉ ወንዶች ላይ ስህተቱ ቢበዛ 0.8 በመቶ ሲሆን ጠቆር ያሉ ሴቶች ላይ እስከ 34.7 በመቶ ደረሰ። ጥናቱ ከወጣ በኋላ ኩባንያዎች ሥርዓታቸውን ለማሻሻል ተነሱ። ጉግልም እ.ኤ.አ. በ2021 ፒክስል 6 ላይ የጠቆረ ቆዳን በትክክል ለማሳየት የተዘጋጀ አሠራር አመጣ፤ በ2022 ደግሞ ከሶሲዮሎጂ ምሁሩ ኤሊስ መንክ ጋር አሥር ደረጃ ያለው የቆዳ ቀለም መለኪያ አወጣ።

ከዚህ የምወስደው ትምህርት አንድ ነው። ዲፎልት የሚቀየረው የሚጠይቅ ሰው ሲኖር ነው።

የ«ኤም» ሃይማኖት

ጠያቂ ለመሆን ቃላቱን ማወቅ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ነው ጠቤ ከሩቅ አገር ኩባንያ ወደ ሰፈራችን የሚመለሰው።

ፎቶ የሚያስተምሩ አጫጭር ቪዲዮዎችንና የስልጠና ማስታወቂያዎችን ተመልከቱ። መጀመሪያ የሚነገራችሁ «አውቶ የጀማሪ ነው፤ ፕሮፌሽናል ከሆንክ ካሜራህን ኤም ላይ አድርግ» የሚል ነው። ከዚያ ሦስት ማዕዘን ይሳላል፦ አፐርቸር፣ ሹተር ስፒድ፣ አይኤስኦ። ቃላቱን ሸምድዱ፣ ሰርተፍኬት ውሰዱ፣ ሂዱ። ኤም ላይ ያለው ልጅ ከዚያ ምን ያደርጋል? በቪዩፋይንደሩ ውስጥ ያለችው መርፌ ዜሮ ላይ እስክትቆም ቁጥሮቹን ያሽከረክራል። መርፌዋን የሚነዳት ማነው? ያው መለኪያ ነው፣ ያው ግራጫ። ልጁ በእጁ ያደረገው አውቶው በራሱ ሊያደርገው የነበረውን ነው፤ ልዩነቱ ዘግይቶ መድረሱ ብቻ ነው። ማርሽ በእጅ መቀየር መንገዱን አያሳይም።

ቃላቱ ራሳቸውም ያን ያህል የሚያስፈሩ አልነበሩም። የሚያስፈሩት በእንግሊዝኛ ተጠቅልለው እንደ ምስጢር ስለሚሰጡ ነው። እስቲ በአማርኛ እንያቸው።

አፐርቸር የብርሃን ቀዳዳ ነው፤ ሌንሱ ውስጥ ይሰፋል፣ ይጠብባል። ጀማሪን ሁሉ የሚያምታታው ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው መስፋቱ ነው። ግን ቁጥሩ አካፋይ ነው። አንድ እንጀራ ለሁለት ሰው ሲካፈልና ለስምንት ሲካፈል የማን ድርሻ ይበልጣል? 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ኤፍ 2 ላይ ሲሆን ቀዳዳው 25 ሚሊ ሜትር ነው፤ ኤፍ 8 ላይ ሲሆን 6.25። በቃ፣ ይኼው ነው። 1.4፣ 2፣ 2.8፣ 4፣ 5.6፣ 8፣ 11፣ 16 የሚሉት ቁጥሮች አንዱን እርምጃ በተራመዳችሁ ቁጥር ብርሃኑ በግማሽ ይቀንሳል። ቀዳዳው ሲሰፋ ከፊትና ከኋላ ያለው ነገር ይደበዝዛል፤ ሲጠብ ከፊት ረድፍ እስከ ኋላ ረድፍ ጥርት ይላል። ሃያ ሰው በሦስት ረድፍ አቁሞ በኤፍ 1.8 የሚያነሳ ሰው ከኋላ ያሉትን አማቾች ለማደብዘዝ ወስኗል ማለት ነው፣ ቢያውቀውም ባያውቀውም።

ሹተር መዝጊያው ነው፤ ፍጥነቱ ብርሃኑ የሚገባበት ጊዜ ነው። 1/60 ሰከንድ ላይ እስክስታ የሚመታ ትከሻ ይደበዝዛል፣ 1/500 ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ጎንደር ፋሲለደስ መዋኛ ውስጥ የሚዘልን ወጣትና አብሮት የሚረጨውን ጠብታ ማስቆም ከፈለጋችሁ 1/1000 ሞክሩ። የደመራን ፍንጣሪ እንደ ክር ስቦ ማሳየት ከፈለጋችሁ ደግሞ ካሜራውን አስደግፋችሁ ግማሽ ሰከንድ ስጡት።

አይኤስኦ ማጉያ ነው፤ ልክ እንደ ድንኳን ውስጥ የድምፅ ማጉያ። የሦስት ማዕዘኑ ትምህርት የሚያሳስተው እዚህ ላይ ነው፤ አይኤስኦን ከሁለቱ እኩል ብርሃን አምጪ አስመስሎ ያቀርበዋል። ብርሃን የሚያስገቡት ቀዳዳውና ጊዜው ናቸው። አይኤስኦ የገባውን ያጎላል እንጂ አዲስ ብርሃን አይወልድም። ሽማግሌው ከማይክራፎኑ ርቀው በቀስታ ሲናገሩ ድምፁን ብትከፍቱት ምርቃቱ ብቻ ሳይሆን ሽሽታውም አብሮ ይጮሃል። ፎቶ ላይ ያ ሽሽታ ነጠብጣብ ሆኖ ይታያል። መጀመሪያ የሚታይበት ቦታ ደግሞ የፎቶው ጨለማ ክፍል ነው። ፊታችሁ የተጣለው የት ነበር? ጨለማው ክፍል ውስጥ። ከነጠብጣቡ የሚበዛው ድርሻ የሚደርሰው ለማን እንደሆነ አሁን ገባችሁ።

እነዚህን ሦስቱን የሚያስተምር ሞልቷል። የሚያስቆጣኝ አራተኛው መዘለሉ ነው። በአብዛኛዎቹ ካሜራዎች ላይ የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለበት ቁልፍ አለ፤ በስልክም ፊቱን ነክታችሁ ጣታችሁን ወደ ላይ ስትስቡ የምትመጣው ፀሐይ ነች። ስሙ ኤክስፖዠር ኮምፔንሴሽን ነው፤ እኔ «ማካካሻ» እለዋለሁ። ትርጉሙ «የአንተን ግራጫ ሰምቻለሁ፣ ግን ተሳስተሃል» ብሎ ካሜራውን ማረም ነው። ሕዝቡ ነጭ በነጭ ከሆነ +1 ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ። ጥቁር ልብስ በጥቁር ጀርባ ከሆነ ከዜሮ በታች ትንሽ። ይህችን አንዲት ቁልፍ የሚያውቅ ሰው በአውቶ አካባቢ እየሠራ፣ ኤም ላይ መርፌ ከሚያሳድደው «ፕሮፌሽናል» ይልቅ የአክስታችሁን ፊት ያወጣል። ክፍያ ተቀብሎ ሳምንታት አስተምሮ ይህችን ቁልፍ ያልነካ ስልጠና ምን አስተማረ?

ቁልፉን ለመጠቀም ደግሞ ውድ ዕቃ አያስፈልግም። መለኪያው መዳፋችሁ ላይ አለ። የእጅ መዳፍ ቀለም ከሰው ሰው የፊትን ያህል አይራራቅም። መዳፋችሁን ፊቱ ባለበት ብርሃን ውስጥ ዘርጉ፣ ካሜራውን በመዳፉ ላይ ብቻ አስለኩት፣ አንድ ደረጃ ጨምሩ፣ ቁጥሮቹን ቆልፉና አንሱ። የወደቀውን ብርሃን ለካችሁ ማለት ነው። ኤም ትርጉም የሚኖረው ከዚህ በኋላ ነው፤ ምክንያቱም አሁን ቁጥሩን የሰጣችሁት እናንተ ናችሁ።

«ደንበኛው ነው ቀላ አድርገው የሚለን»

ይህን ለፎቶ አንሺዎች ስነግራቸው የሚመልሱልኝ ሦስት መልስ አለ። ሦስቱንም በቁም ነገር እወስዳቸዋለሁ።

የመጀመሪያው «ሮው ላይ ስለማነሳ በኋላ ኮምፒውተር ላይ አስተካክለዋለሁ» ነው። ሮው በእውነት ብዙ ያድናል። ያልተመዘገበ ነገር ግን አያድንም። አያቴ ባረፈች ጊዜ ለለቅሶ ቤት የሚሆን ፎቶ ፈለግን። አያቴ ያለችበት ፎቶ አልጠፋም፤ በየሰርጉ፣ በየክርስትናው፣ በየምረቃው መሐል ላይ ተቀምጣለች። ፋይሎቹን ከየቤቱ ሰብስቤ አንድ በአንድ ከፈትኳቸው። ነጠላዋ አለ፣ የመስቀሏ ማዕተብ አለ፣ ፊቷ የለም። ጥላውን ከፍ ሳደርግ የመጣልኝ ቀይና አረንጓዴ ነጠብጣብ ነው፤ ከጉንጯ መስመርና ከንቅሳቷ ምንም አልወጣም። የተነሱት በተለያዩ ዓመታት፣ በተለያዩ ሰዎች፣ ተከፍሎባቸው ነው። በመጨረሻ ለቅሶ ቤት የተቀመጠው የድሮ መታወቂያዋ ላይ የነበረችው ትንሽ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ናት። ያቺን ያነሳት ሰው አንድ አምፖል ነበረው፤ አምፖሉን ወደ ፊቷ አዙሮታል።

«በኋላ ይስተካከላል» የሚል ሰው ይህን ይወቅ። ለአንዳንድ ፊት በኋላ የሚባል የለም።

ሁለተኛው መልስ «ደንበኛው ራሱ ፊቴን አጥራልኝ፣ ቀላ አድርገኝ ይላል» ነው። ይላል፤ አልክድም። ቀይ መሆን እንደ ሙገሳ በሚቆጠርበት አገር ይህ ጥያቄ ከሰማይ አልወረደም። ግን ሁለት ነገር ተደባልቋል። አንዱ ብርሃን ነው፣ ሌላው ቀለም። ጠይም ፊት በቂ ብርሃን ሲያገኝ ጠይምነቱን አይለቅም፤ ይበልጥ ጠይም ይሆናል፤ ቡናማው፣ ቀይ ዳማው፣ ወዙ ይወጣል። ደንበኛዋ ዕድሜ ልኳን ያየችው ፊቷ ጥላ ውስጥ የተጣለበትን ፎቶ ብቻ ከሆነ «ግልጽ ሆኜ ልታይ» ለማለት ያላት ቃል «ቀላ አድርገኝ» ብቻ ነው። በትክክል የተነሳ ፎቶ አስቀድማችሁ አሳይታችኋት ታውቃላችሁ? መጀመሪያ አጨልሞ ያነሳ፣ ከዚያ አንጥቶ የሚሸጥ ሰው የራሱን ጉድለት ለደንበኛው ምርጫ አሸክሞታል።

ውጤቱን በየአልበሙ ታዩታላችሁ። የዘመዳችን ሰርግ አልበም ላይ ሙሽራዋ ፊቷ የወተት ቀለም አለው፣ ቀለበቱን የምታሳየው እጇ ግን ጠይም ነው። አጠገቧ የቆመችው እናቷ ገንዘብ ስላልተከፈለላት ጥላ ውስጥ ቀርታለች። እናትና ልጅ የአንድ ቤት ሰው አይመስሉም። ፎቶ የሚነሳው መመሳሰላችንን ለማስቀረት መስሎኝ!

ሦስተኛው «ስልኩ ሁሉን በራሱ ያደርገዋል፣ ይኼን ማወቅ ለምን ይጠቅማል?» የሚል ነው። ስልክ በእርግጥ በርካታ ፎቶ በአንድ ጊዜ አንስቶ ይደባልቃል፤ ፊት ፈልጎ ያፈካል። ግን የሚያፈካው በማን ግምት ነው? ስንት ስልክ ነው ሳይጠየቅ ፊት የሚያለሰልስና የሚያነጣ? ስልኩ ብልህ በሆነ ቁጥር በእናንተ ምትክ የሚወስነው ውሳኔ ይበዛል። የማያውቅ ሰው የወጣለትን ይቀበላል፤ የሚያውቅ ሰው ጣቱን ዘርግቶ ያርማል። ሶፍትዌር የምጽፍ ሰው እንደመሆኔ ልንገራችሁ፤ ማሽኑ ከእናንተ የሚሻለው ምን እንደምትፈልጉ ስትነግሩት ብቻ ነው።

እንደሚቻል እናውቃለን

«በዚህ ብርሃን፣ በዚህ መልክ አይቻልም» የሚለኝን አልቀበልም፤ ምክንያቱም ሲቻል አይተናል። ኃይሌ ገሪማ ዋሽንግተን በሚገኘው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለአሥርተ ዓመታት ፊልም አስተምሯል። ከተማሪዎቹ አንዱ ብራድፎርድ ያንግ ነው፤ «ሰልማ»ን የቀረጸው፣ «አራይቫል» በተሰኘው ፊልም ለኦስካር የታጨው። ያንግ የሚታወቀው ጥቁር ፊትን ጨለም ባለ ክፍል ውስጥ ሳያነጣና ሳያጠፋ በማሳየት ነው። አይዳ ሙሉነህም አለች፤ እ.ኤ.አ. በ2010 አዲስ ፎቶ ፌስትን የመሠረተች፣ በሥራዎቿ ውስጥ የጥቁር ሰው ፊት የሚሸሸግ ነገር ሳይሆን የፎቶው ማዕከል የሆነላት ባለሙያ።

እነዚህ ሰዎች የያዙት ዋና ነገር የብርሃን አቅጣጫ ነው። ጠቆር ያለ ቆዳ ብርሃንን እንደ ነሐስ ያንጸባርቃል፤ ቅርጹ የሚወጣው በሚያንጸባርቀው ነው። ፍላሽን ፊት ለፊት ብትተኩሱበት ግንባሩ ይቃጠላል፣ የቀረው ይደፈናል። ሰፊና ለስላሳ ብርሃን ከጎን ስትሰጡት ግን ጉንጩ፣ አገጩ፣ ዓይኑ ይነሳል። ሰፊ ለስላሳ ብርሃን የት ይገኛል? በር ላይ። ቡና የምታፈላዋን እህታችሁን ረከቦቷን ወደ ክፍት በር ጠጋ እንድታደርግ ለምኗት፤ ከብዙ ሺህ ብር መብራት የሚሻል ነገር አግኝታችኋል። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው የምትርቀው፤ ስድስት ሰዓት ላይ ፀሐይዋ አናት ላይ ስለሆነች ዓይን ጉድጓድ ውስጥ ይቀራል። ያኔ ወደ ጥላ ጠርዝ ግቡ፣ ወይም እስከ አሥር ሰዓት ጠብቁ። ነጠላውም ጠላት አይደለም። ደረት ላይ ዘርጋ ሲል ብርሃኑን ወደ ፊት ይመልሰዋል። መለኪያውን የሚያሳስተው ያው ነጭ ጨርቅ ለሚያውቅበት ሰው ነፃ መብራት ነው።

ስለዚህ ጥያቄዬ ለሁለት ወገን ነው።

ለምታስተምሩ፦ ከኤም አትጀምሩ። መለኪያው ምን እንደሚገምት፣ ግምቱ እዚህ አገር ለምን እንደሚስትና በማካካሻው እንዴት እንደሚታረም በመጀመሪያው ሰዓት አስተምሩ። ቃላቱንም በአማርኛ አፍታቱ፤ ቀዳዳ፣ መዝጊያ፣ ማጉያ፣ ማካካሻ። ሙያችሁ አይረክስም።

ለምትነሱ፦ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ፎቶ አንሺውን ሦስት ነገር ጠይቁት። ነጠላ ለብሰን ስታነሳን ብርሃኑን ከምን ላይ ትለካለህ? በቤቱ ጠቆር ያለውን ሰው ያለ ማንጣት ያነሳኸው ፎቶ ካለህ ታሳየኛለህ? ከአምስተኛው ፎቶ በኋላ ቆም ብለህ የእናቴን ፊት ስክሪኑ ላይ አጉልተህ ታያለህ? መልስ ያለው ሰው ይደሰታል፤ መልስ የሌለው ይቆጣል። በዚያው ትለዩታላችሁ።

አክስታችሁም ከኋላ ረድፍ ስትሸሸግ እጇን ይዛችሁ ወደ በሩ ብርሃን አምጧት። ከዚያ ፎቶ አንሺውን «አንድ ጨምርበት» በሉት። ምን እንደሚጨምር ካልገባው፣ ፎቶ የማይወጣለት ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ።